በቁሟ ፍትሐት የተደረገላት መነኩሴ

አንዲት መነኩሴ ነበረች።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። «አባ፣ ከልቤ ይቅር ካልኩ በኋላ በጳጳሱ ፊት ቀርቤ በገዳም የተደረገብኝን ብናገር፣ ይቅርታዬን ማፍረሴ አይደለም ወይ?» ብለሽኛል። መልሴ የዚህች መነኩሴ ነገር ነው፤ እስክጨርስ ስሚኝ።

ይህች መነኩሴ ከልጅነቷ ጀምሮ እግዚአብሔርን የምትወድ ነበረች። ጉም የማይለየው ተራራ ላይ ወዳለ የካቶሊክ ሴቶች ገዳም የገባችው ማንም ሳያስገድዳት፣ እየዘመረች ነው። የገዳሙ እመምኔት ጮኸው የማያውቁ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሴት ነበሩ። እህቶች በልባቸው ያለውን ፍርሃትና ፈተና ሁሉ ለእሳቸው ይነግራሉ። እሳቸውም ቆየት ብለው ያንኑ የሰሙትን፣ በማዕድ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጌታ አሁን የገለጠላቸው አስመስለው ይናገሩታል። የነገረቻቸው እህት ራሷ መንገሯን ትረሳና «እግዚአብሔር ልቤን አየው» ብላ ትንቀጠቀጣለች። እመምኔቷም «የእኔ ፈቃድ የእሱ ፈቃድ ነው» ይሉ ነበር።

ከእህቶች አንዷ ታመመች፤ ደም ትተፋ ጀመር። እመምኔቷ «በመታዘዝ ትድናለች ተብያለሁ» ብለው ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ ከለከሉ። ያን ጊዜ መነኩሴዋ ከማዕድ ብድግ አለችና፣ «እናታችን፣ ሐኪም ቢያያት ምን ክፋት አለው?» አለች።

እመምኔቷ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ጸሎቱ መካከል ቃሬዛ ተዘርግቶ አየች። «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ነይ ተኚ» አሏት፣ በዚያው በለስላሳ ድምፃቸው።

መታዘዝ ለምዳለችና ተኛች። ጥቁር ጨርቅ አለበሷት። እህቶቿም ከበዋት፣ ስሟን እየጠሩ፣ ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱላት። ከጨርቁ ሥር ሆና የራሷን ነፍስ ሲያሰናብቱ ሰማች። አንዲት እህት ስታለቅስም ሰማች። ልቅሶው የእውነት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አላናገራትም። በመተላለፊያው ሲያልፉ ዓይናቸው አያርፍባትም። ሳህኗ ከማዕድ ተነሣ። ስሟ ከተነሣ፣ እሷ እዚያው ቆማ እያለች፣ «ነፍሷን ይማር» ይላሉ። አንድ ቀን ከአትክልቱ ጀርባ ወዳለው መቃብር ብትሄድ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ላይ መስቀል ተተክሎ ስሟ ተጽፎበት አገኘች። ጎንበስ ብላ አነበበችው፤ አልደነገጠችም። ክፉው ነገር ይኸው ነበር፤ አለመደንገጧ። መጀመሪያ መጀመሪያ የመስኮቱን መስታወት እፍ እያለች እስትንፋሷ መታየቱን ታረጋግጥ ነበር፤ በኋላ ያንንም ተወችው። ለመጸለይ አፏን ስትከፍት «ሙት አይጸልይም» የሚል የእመምኔቷ ድምፅ ከውስጧ ይመልስላታል።

ያቺ የታመመችው እህት ልትሞት ስትል አጠገቧ የተገኘችው እሷ ብቻ ነበረች። በሽተኛዋ እጇን ያዘችና «ምነው እጅሽ እንዲህ ሞቀ!» አለቻት። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መነኩሴዋ የሟቿን ዓይን ከደነችና ተነሥታ ወደ ገዳሙ በር ሄደች። በረኛዋ አማተበች እንጂ ቀና ብላ አላየቻትም። የሞተ ሰው ሲወጣ ማን ይከለክላል? በሩን ከፍታ ወጣች።

ከተማ ወርዳ ልብስ እየሰፋች ኖረች። የሆነውን ሁሉ ለጳጳሱ ተናገረች፤ «እናጣራለን» አሏት። ሳይጣራ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከበሩ አጠገብ ነበር የምትቆመው። ጸሎቷም «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ግን አላቋረጠቻትም።

ከዓመታት በኋላ እመምኔቷ በጠና ታመው «ትምጣልኝ» ብለው ላኩባት። ሄደች። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተጣብቆ ክፍሉ በቀን ጨልሟል።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት።

መነኩሴዋ ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው ቁጣ ነበራት። አልጋው ውስጥ የኮሰመኑትን አሮጊት ስታይ ግን እንባዋ መጣ። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያው ለጳጳሱ የሰጠሽውን የምስክርነት ቃል አንሺ። ይቅር ካልሽ ምን ቀረ?»

ይህን እያሉ ከቤተ ጸሎቱ ዜማ ተሰማ። ፍትሐት ነበር። መነኩሴዋ፣ እመምኔቷን የምታስታምማቸውን እህት «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እህትየዋ አቀረቀረች። እመምኔቷ ፈገግ አሉ።

መነኩሴዋ ሮጣ ሄደች። በቃሬዛው ላይ ያለው ጨርቅ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሥሩ ያለችው ትተነፍሳለች። ከሚዘምሩት አንዷም ዓይኗን አላነሣችም። በመካከላቸው አልፋ ጨርቁን ገፈፈችው። ገና አዲስ የገባች ልጅ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ።

«ተነሺ» አለቻት።

«አልችልም፤ ሞቻለሁ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔም እዚሁ ሞቼ ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ዜማው ተቋረጠ። መነኩሴዋ ደግፋ አነሣቻትና እጇን ይዛ በቀጥታ ወደ ጳጳሱ ወሰደቻት። እዚያም ቃሏን አላነሣችም፤ ደግማ ተናገረች፤ ልጅቷም ከጎኗ ቆማ ተናገረች። አሁን ነገሩን ማቆየት አልተቻለም። አጣሪዎች ተላኩ፤ እመምኔቷ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ወጣቶቹ እህቶች ወደየቤታቸው ተመለሱ። መነኩሴዋን «ቤታችንን አፈረሰች» እያሉ እስከ ዛሬ የሚረግሟት እህቶች አሉ።

እመምኔቷ ከዚያ በኋላ በአረጋውያን ቤት ጥቂት ኖሩ። መነኩሴዋ እየሄደች ገላቸውን ታጥባቸው ነበር። አንድ ቀን «ከከሰስሽኝ በኋላ ምን ልታደርጊ ትመጫለሽ?» አሏት።

«ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኩም?» አለቻቸውና ፎጣውን ጨመቀች።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ አንቺም እንደዚህች መነኩሴ ነሽ። ይቅር ያለችው በራሷ ላይ የተደረገውን ነው፤ የራሷ ስለሆነ መስጠት ትችል ነበር። ከጨርቁ ሥር የተኛችውን ልጅ ግን ለማንም ልትሰጥ አትችልም። የእሷ አይደለችማ። የአንቺም ይቅርታ በአንቺና በእግዚአብሔር መካከል ያለቀ ነው፤ ምስክርነትሽ አያፈርሰውም። ምስክርነትሽ በዚያ ቤት ለቀሩት ነው። «ይቅር ካልሽ ዝም በይ» የሚልሽ ሰው ቢኖር፣ የሚለምንሽ ይቅርታ እንዳይመስልሽ፤ ጨርቁን በቀሩት ላይ አብረሽው እንድትይዢለት ነው። ጳጳሱ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው አሉ። ጫማሽን አድርጊ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።