የሞላው ሳጥን

አንድ ሰው ነበረ፤ የኤሌክትሪክ ባቡር ነጂ። አይዞህ ወጌሻው፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁም፤ «እጄ ላይ ያለውን ጥበብ ሞልቶ እስኪተርፈኝ ድረስ ለራሴ ብይዘው ምን ክፋት አለው?» ብለኸኛል። እንግዲያው ስማኝ።

የዚህ ሰው ባቡር ካፓሲተር የሚሉት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ የታጨቀበት ትልቅ ሳጥን ነበረው። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ከንቱ የሚቀረውን ጉልበት ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፣ ሳጥኑም ይቀበላል፤ ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣ ደግሞ መልሶ ይሰጠዋል። ሥራው ይኸው ነው። ነጂው ግን የመብራት መጥፋትን ከጅብ አብልጦ የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ደመና ባየ ቁጥር ያልበዋል። ስለዚህ ሳጥኑ አንዴ ሲሞላለት መስጫውን ዘጋው። ረዳቱ ጥሩዬ ጎተራ መሰለዎት ወይ ብላ ብትቀልድበት፣ መብራት የጠፋ ቀን ታመሰግኚኛለሽ አላት።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከንግሥ በዓል የሚመለስ ሰው እስከ በሩ ታጭቆ ረጅሙን ቁልቁለት መውረድ እንደ ጀመሩ መብራት ጠፋ። ነጂው አልደነገጠም፤ እንዲያውም ሳጥኑን አስቦ ፈገግ አለ። ቁልቁለት ግን ጉልበት ያሸክምሃል እንጂ አይለምንህም። ሞተሩ ባቡሩን መያዝ የሚችለው የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። መስመሩ ተቋርጧል፤ ሳጥኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። የቀረው የብረቱ ፍሬን ብቻ ሆነ። እሱም ጥቂት እንደ ያዘ ጋለና ጨሰ፤ ሽታው ሦስት ወረዳ አስነጠሰ። ባቡሩ ይምዘገዘግ ጀመር። ከታች ጠምዛዛው ድልድይ አለ። ከኋላ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ስለት ይሳላሉ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑን ያጉድሉት» አለች ጥሩዬ።

«ያለን እኮ እሱ ብቻ ነው።»

«እሱው ነው የሚገድለን።»

እጁ መስጫው ላይ ተጣብቆ ቆየ። ይህን ያህል ጊዜ የጠበቀውን መልቀቅ ልጁን ከመስጠት አልተለየበትም። በመጨረሻ ከፈተው። መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ ማሞቂያውን፣ ጡሩምባውን፣ ያለውን ሁሉ ለቀቀው። ባቡሩ እንዲያ ሲበራ የሸለቆው አውራ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፤ አንድ ገበሬም በሬውን ጠምዶ ወጣ። ሳጥኑ በጎደለ መጠን ሞተሩ የሚሰጠውን የሚቀበል ቦታ አገኘ፤ ባቡሩንም ልጓም እንደገባለት ፈረስ ያዘው። ድልድዩን በሰው እርምጃ ተሻገሩት። ነጂው ሲያቆም ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቀረ።

ዶሮዎቹን ብትጠራጠር መብትህ ነው። ሳጥኑን ግን አትጠራጠር፤ ሳጥኑ አንተ ነህ። ስብራት መጠገንን ከአባትህ እጅ ተቀበልህ፤ ከዚያ ዘጋህበት። እስቲ ንገረኝ፣ አዲስ ነገር ከተማርህ ስንት ዘመን ሆነህ? እስኪሞላ የምትለው ከሞላ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው ምንም የማይገባልህ። የእህትህ ልጅ አስተምረኝ እያለች ደጅህ ላይ ስትመላለስ አይቻታለሁ። ነገ አስገባትና ያለህን ስጣት፤ እሷ ከተማረች አንተም ትማራለህ።