ጓንጉልና በውርጭ የተኛው አምባዛ

ስሙኝማ፣ ልጆችም ትልልቆችም! ጆሮ ያለው ይስማ፣ የበረደው ወደ እሳቱ ጠጋ ይበል። ነገሩ የሆነው ዱሮ ነው፤ መንጠቆ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ዓሣም መልስ በሚሰጥበት ጊዜ።

በዚያ ዘመን፣ ብርድ በሚበረታበት ደጋ አገር፣ ከኮረብታ ሥር አንዲት ኩሬ ነበረች። ኩሬዋ ትንሽ ናት፤ ድንጋይ ቢወረውሩ ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። ታዲያ ትንሽ ብትሆንም በሆዷ አንድ ሪዛም አምባዛ ይኖር ነበር። ትልቅ ዓሣ ነው፤ አፈ ሰፊ፣ ቢበሉት ቀበቶ የሚያስፈታ።

ከኩሬዋ አጠገብ ጓንጉል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከእናቱ ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ይኖር ነበር። ጓንጉል እጁ የሠለጠነ ነው፤ ልቡ ግን ችኩል። ወጥ ሳይበስል ድስት የሚከፍት፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ "ገባኝ፣ ገባኝ" የሚል ሰው ነበር።

ከትከሻው የማትለይ አንዲት ከረጢት ነበረችው። በከረጢቷ ውስጥ አንድ መንጠቆና ሦስት ማባበያዎች ይኖሩ ነበር። ማባበያ ማለት ከመንጠቆው ላይ እየታሠረ ዓሣውን "ና ብላኝ" የሚል አታላይ ነው። አንደኛው የናስ ቁራጭ ነው፤ እንደ ትንሽ ዓሣ ያብለጨልጫል። ሁለተኛዋ ቀይ የአውራ ዶሮ ላባ ናት፤ እንደ ፌንጣ በውሃ ላይ ትዘላለች። ሦስተኛው የጥቁር ጠፍር ቁራጭ ነው፤ አልቅት ይመስላል፣ ብዙም አይናገርም።

ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲሞቅ፣ ናስ ሲገባ ዓሣ ይወጣል፤ ላባ ስትገባ ዓሣ ይወጣል። ጠፍርን ያስታወሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩ ሣሩን እንደ ሸማ አነጣው። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ዘርፌን ንዳድ ጣላቸው። ንዳዱ እንኳ ለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸውን ግን ይዞባቸው ሄደ።

ጓንጉል ከመደባቸው አጠገብ ተቀመጠ።

"እምዬ፣ ወተት ላምጣልሽ?"

"ጾም ነው።"

"ታመሻል እኮ! ቄሱም ፈቅደውልሻል።"

"ቄሱ ይፍቀዱ፤ እኔ አልፈቀድሁም።"

"እሺ፣ ሽሮ?"

"ሽሮ አንገሸገሸኝ።"

"ተልባ?"

"ተልባ ያንሸራትተኛል።"

"ተኝተሽ ምን ያንሸራትትሻል? ወይ አበሳ! እንግዲያ ምን ትበያለሽ?"

ወይዘሮ ዘርፌ ጥቂት አሰቡና "የዓሣ መረቅ ቢሆን እቀምስ ነበር፤ ዓሣስ ለጾም ይሆናል" አሉ።

"በዚህ ውርጭ? ዓሣ በዚህ ውርጭ?"

"እንግዲያ ተወው፤ ሳልበላ እሞታለሁ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጓንጉል ጥርሱን ነከሰ። ነገር ግን ፊታቸውን ሲያዞሩ አንገታቸውን አየው። ቀጥኗል። ዓይናቸው ሥር ጎድጉዷል። እናቱ በነገር ያደርቁታል እንጂ ከእሳቸው ሌላ ማንም የለውም። የማጥመጃ ሸምበቆውን አነሣ፣ ከረጢቱን አንጠለጠለ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ኩሬው ወረደ።

ከረጢቱን ቢከፍት ጭቅጭቅ ተነሣ።

"እኔን እሠር!" አለ ናስ። "በሚያዝያ ስንቱን አወጣሁልህ?"

"እኔን!" አለች ላባ። "መልክስ ለማን ሊሆን ነው?"

ጠፍር ዝም አለ።

መንጠቆ ግን አጉረመረመ፤ "የገባው ቢገባ፣ የሚበርደው እኔን!"

"ዝም በሉ!" አለ ጓንጉል፤ ናስንም አሠረ። ወረወረው፣ ጎተተው። ወረወረው፣ ጎተተው። ናስ በውሃው ውስጥ ተገለባበጠ፣ አብለጨለጨ፣ ጨፈረ። ዓሣ ግን የለም። የጓንጉል ጣቶች ደነዘዙ። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ጎተተ። የለም!

ናስን አውጥቶ በዓይኑ አፈጠጠበት። "ምንድን ነው? ዓሣው የለም?"

"ኧረ አለ" አለ ናስ እየተንቀጠቀጠ። "ከታች፣ ከጭቃው ላይ ተኝቷል። እኔም በፊቱ ወዲያ ወዲህ አልሁ። 'ና ያዘኝ!' አልሁት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'ማነው ይሄ መስታወት የሚያብረቀርቅብኝ? ብርዱ ሰውነቴን አስሮታል፤ ያለፈው ሳምንት እንቁራሪት እንኳ ገና ከሆዴ አልወረደችም። እንኳን አንተን ላባርር ሪዜን ማንቀሳቀስ አልቻልሁም። ሂድልኝ!' አለ። ዓይኑንም ጨፈነብኝ።"

"ታዲያ ዝም አልኸው?"

"ኧረ ይበልጥ አብለጨለጭሁበት!"

"ኤጭ!" አለ ጓንጉል፤ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

"ያዝህ?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"አልያዝሁም።"

"አውቄዋለሁ" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የቀረበላቸውን አጥሚት አንድ ጊዜ ቀምሰው ገፉት።

በማግሥቱ ጓንጉል ጨለማው ሳይገፈፍ ወረደ። ከረጢቱን ገና ከመክፈቱ ላባ ዘላ ወጣች።

"ዛሬ እኔ ነኝ! ናስ ዓሣውን አስከፍቶታል። እኔ ግን በላይ በላይ እየዘለልሁ አስቀዋለሁ።"

"እኔ አላስከፋሁትም!" አለ ናስ። "እሱ ራሱ ከይሲ ነው!"

ጠፍር ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "ጓንጉል፣ በእኔ ቢሆን…" ሲል፣

"ገባኝ፣ ገባኝ!" አለ ጓንጉል፤ አላስጨረሰውም። ላባንም አሠረ።

"የገባው ቢገባ፣ የሚበርደው እኔን!" አለ መንጠቆ።

ወረወራት፣ ጎተታት። ወረወራት፣ ጎተታት። ላባ በውሃው ገጽ ላይ ዘለለች፣ ተሽኮረመመች፣ ተምነሸነሸች። ከኩሬው ማዶ አንዲት ዳክዬ አየቻትና ክንፏን እያራገበች መጣች።

"ይሄ ላባ የማነው? ከወገኖቼ ማንን ነጭተህ ነው? አንተ አረመኔ!"

"የዶሮ ነው!" አለ ጓንጉል። "ዶሮ!"

"ዶሮስ ወፍ አይደለችም?" አለች ዳክዬ። ሸምበቆውን በመንቁሯ እየደበደበች፣ ውሃውን እያንቦጫረቀች ኩሬውን ዞረችበት። ጓንጉል በጭቃ ተበላሸ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ። ላባን ሲያወጣት እንደ አሮጌ መጥረጊያ ሆና ነበር።

"ዓሣውስ?" አላት።

"የቱ ዓሣ?" አለች ላባ በምሬት። "እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች! እንዲህ ተውቤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም! አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ 'ደግሞ ከጣሪያዬ ላይ የሚሮጠው ማነው?' ሲል።"

"አንጀቴን አሳረራችሁት!" አለ ጓንጉል። "ነፍሴን አወጣችኋት!" ሸምበቆውን መሬት ላይ መታው። ሸምበቆው "ምን አጠፋሁ?" ቢለው እሱንም ሰደበው።

ወደ ቤቱ ሲገባ ለ"ያዝህ?" መልስ አዘጋጅቶ ነበር። "አትጠይቂኝ፣ እምዬ፣ ዛሬ አትጠይቂኝ" ሊል ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ አልጠየቁትም።

ጓንጉል ቆመ። በሩን ጮክ አድርጎ ዘጋ። አልጠየቁትም። "እምዬ፣ አልያዝሁም" አለ። ዝም አሉ። ቀረብ ብሎ ቢያያቸው ዓይናቸው ክፍት ነው፤ አፋቸው ግን ለነገር እንኳ አቅም አጥቷል። ያን ጊዜ ጓንጉል ንዴቱ ሁሉ ሸሸው። እናቱ መነዝነዝ ካቃታቸው ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከኩሬው ዳር ተቀምጦ ከረጢቱን ፈታ።

"ስሙ" አለ። "እናቴ እየሞተችብኝ ነው። ዛሬ ካልያዛችሁልኝ ሦስታችሁንም ከድንጋይ ጋር አስሬ ከዚህ ኩሬ እጥላችኋለሁ።"

"እኔን ደግመህ ሞክረኝ፤ አጽዳኝና ይበልጥ አብለጨልጫለሁ!" አለ ናስ።

"እኔን አድርቀኝና ይበልጥ እዘላለሁ!" አለች ላባ።

ጓንጉል ሁለቱንም ወደ ጎን አደረጋቸው። "ጠፍር፣ ትናንት ምን ልትል ነበር?"

"የረሳኸኝ መስሎኝ ነበር" አለ ጠፍር። "ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሁን አትጣለኝ። ፀሐይ ትውጣ፣ ማዶ ያለውን ቄጤማ ታሙቀው። ዓሣውም እንዳንተ የሚበርደው ፍጥረት ነው፤ ረፋድ ላይ ሙቀት ፍለጋ ወደዚያ ጠጋ ይላል።"

"እሺ።"

"ሁለተኛ፣ ከቄጤማው ሥር ጣለኝ፤ እስክሰጥም ጠብቅ።"

"እሺ። ሦስተኛስ?"

"አትጎትተኝ።"

"አትጎትተኝ? ሳልጎትት እንዴት ነው የማጠምደው? ለመተኛትማ ቤቴ እተኛ የለም!"

"አትጎትተኝ" አለ ጠፍር፤ ሌላም አልጨመረም።

ጓንጉል ተቀመጠ። ፀሐይዋም ያን ቀን እንደ ሙሽራ ዘገየች። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። በመጨረሻ ብርሃኑ ማዶ ያለውን ቄጤማ ነካው። ዞሮ ሄደና ጠፍርን ወረወረው።

"የገባው ቢገባ…" አለ መንጠቆ፤ "እንዲያውስ ዛሬ ውሃው ትንሽ ይሻላል" ብሎ ሰጠመ።

ጠፍር ቀስ እያለ ወረደ። ገና ከጭቃው ሳይደርስ የጓንጉል እጅ በልማዱ ክሩን ሳብ አደረገው።

"አትጎትተኝ አልሁህ!" አለ ጠፍር ከውሃው ሥር።

"እሺ! እሺ!"

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳብ አደረገው።

"ጓንጉል!"

"እጄ ነው! እኔ አይደለሁም!"

ለሦስተኛ ጊዜ እጁ ሊስብ ሲል ዝም ያሉት እናቱ ትዝ አሉት። ግራ እጁን ከመቀመጫው ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት። በቀኙ ክሩን ያዘ፤ ምላሱን ነከሰ።

ጠፍር ከጭቃው ላይ ተጋደመ። ከአጠገቡ ሪዛሙ አምባዛ ተኝቶ ነበር። አምባዛው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ማነህ?"

"ማንም አይደለሁም" አለ ጠፍር።

"ታብለጨልጫለህ?"

"አላብለጨልጭም።"

"ትዘላለህ?"

"በዚህ ብርድ? ምን በወጣኝ።"

"ተመስገን!" አለ አምባዛው። "ከትናንት በስቲያ አንዱ መጥቶ ዓይኔን አጠፋው። ትናንት ደግሞ አንዷ ከላዬ ስትንደቀደቅ ዋለች። በገዛ ቤቴ እንቅልፍ ነሡኝ! አንተ ግን ጨዋ ትመስላለህ።"

አምባዛው ትንሽ ጠጋ አለ። ፀሐይዋ ጀርባውን አሞቀችው፤ ሆዱም ጥቂት ፈታ አለ። አልቅት የመሰለ ነገር ከሪዙ ሥር ተጋድሟል። አያባርሩት፣ አይዘሉለት። አፍ መክፈት ብቻ ነው።

"እንግዲህ ቅርብ ስለሆንህ ነው፤ አትቀየመኝ" አለና አፉን ከፈተ።

ከላይ ጓንጉል ክሩ እንደ መክበድ ሲል ተሰማው። አልተነጠቀም፤ ከበደ ብቻ።

"ያዘ! ጎትት!" ብሎ ጮኸ ናስ ከከረጢቱ።

"ሣር ነው! ተወው!" ብላ ጮኸች ላባ።

ጓንጉል አልጎተተም። ክሩ ወደ ጎን ቀስ ብሎ ሄደ። ሣር አይሄድም! ያን ጊዜ ጓንጉል ተነሣ፤ ሸምበቆውን ወደ ላይ አነሣው፣ ሳይነጥቅ፣ ሳያላላ። ውሃው ፈላ። አምባዛው በጭራው ኩሬውን አናወጠው፤ ጓንጉልም እስከ ወገቡ ገብቶ በጉንጩ ይዞ አወጣው።

"እኔ እኮ እንቅልፌን ብቻ ነበር የፈለግሁት!" አለ አምባዛው። መጨረሻ የተናገረውም ይሄንኑ ነው።

ጓንጉል እየራሰ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ሮጠ። ዓሣውን አጠበ፣ ከተፈ፣ በድስት ጣደው። ድስቱ እስኪፈላ ክዳኑን አልነካም። መረቁንም በዋንጫ ቀድቶ የእናቱን ራስ ቀና አደረገ።

ወይዘሮ ዘርፌ አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ዝም አሉ።

ሁለተኛ ፉት አሉ። ዝም አሉ።

ሦስተኛ ፉት አሉና ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ያዙት። አንጋጠው እስከ ታች ጠጡት። ከዚያም ከንፈራቸውን ጠርገው ልጃቸውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"ጨው የለውም" አሉ።

"ጨው…"

"ጨውም የለው፣ ሚጥሚጣም የለው። ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የራስኸው? ብርድ ሊገድልህ ነው? ሂድ ልብስህን ለውጥ! በሩንም ዝጋው፤ በር ከፍቶ መተው ማን ይሁን ያስተማረህ!"

"ወይ አበሳ! ወይ ጣጣዬ!" አለ ጓንጉል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያማርር የቆየው ጓንጉል እንባው በጉንጩ እየወረደ ጨው ፍለጋ ሄደ።

እኔ ይህን ሰማሁ፣ ለእናንተም አወረድሁ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላው አሻግሩት። ስታሻግሩትም እንዲህ በሉ፦ የሚያዝያን ዓሣ አስጨፍረህ ያዘው፤ የታኅሣሥን ዓሣ ግን ከአጠገቡ ተኛለት።