ጉሬዛና የመርዙ ቅጠል

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ!

በአንድ ጫካ ጉሬዛ የአራዊት ሐኪሞች አለቃ ነበረች። ትጉህ ናት፤ ግን ቁስል ማጠቡንም ሆነ ቅጠል መቀንጠሱን ለሌላ አትሰጥም። «እኔ ከሌለሁ ማን ያድናቸዋል?» ትላለች። ቤቷን ካየች ሦስት ቀን አልፏታል።

ድንገት የጫካው አንድ ጎን ተቃጠለና የቆሰሉት አራዊት እየተንጋጉ መጡ! ጉሬዛ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ፣ ለሚዳቋ ግልገል ቅጠል ልታጎርስ ስትል ከሐኪሞቹ አንዷ ኤሊ ጮኸች።

«እመቤቴ፣ ያቁሙ! የያዙት መርዝ ነው!»

ኤሊ ዕድሜዋን ሙሉ ጮኻ አታውቅም። ጉሬዛ እጇን ከግልገሉ አፍ መለሰች።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሕመምተኛው እኮ ብዙ ነው!»

«እኛም ብዙ ነን። እርስዎ ይተኙ።»

ጉሬዛ ቅጠሉን ጥላ ዛፏ ላይ ወጣች። ኤሊ ቁስል አጠበች፤ ሽመላ ውሃ አመላለሰ፤ ጃርት ሰልፍ አስያዘ፤ ማንም ሊገፋው አልደፈረም! ጉሬዛ ስትነቃ ግልገሉ ሲቦርቅ አየች፤ በደስታ እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሬዛ ከልጆቿ ጋር በየቅርንጫፉ ትዘላለች። አንድ ቀን ጅብ እያነከሰ መጥቶ «አለቃችን የት ናቸው?» አለ።

«ቤታቸው ናቸው» አለች ኤሊ። «ና፣ እግርህን አሳየኝ።»