የተዘፈዘፈው ቀይ ሥር

ፊታውራሪ እንግዳሸት አገሩ ላይ ሲሾሙ የመጀመሪያ ቃላቸው «ወንዙ ላይ ድልድይ አሠራለሁ» የሚል ነበር። ከዚያ በረንዳቸው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ይኸው ስምንት ዓመታቸው።

አንድ ቀን የጓሮ አትክልታቸውን የምትሠራው ሴት የቀይ ሥር ዘር በቅል ውሃ ስትዘፈዝፍ አዩና ተቆጡ።

«ዘሬን ልታበሰብሺው ነው?»

«ቅርፊቱ ደረቅ ነው ጌታዬ። አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ካደረ ቶሎ ይበቅላል።»

«እንግዲያው ግማሹን ዘፍዝፈሽ፣ ግማሹን በደረቁ ዝሪው። ደረቁ ከቀደመ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ።»

በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። የተዘፈዘፈው መደብ ላይ ቡቃያው ተደርድሮ ቆሟል፤ በደረቁ የተዘራው ግን ገና ባዶ አፈር ነው። ፊታውራሪ በሰው ፊት መረታት አልወደዱም።

«እስቲ መልሽልኝ» አሉ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «የተዘፈዘፈ ሁሉ ይበቅላል? ይበቅላል ካልሽ ድንጋይ ዘፍዝፌ ውሸታም መሆንሽን አሳያለሁ። አይበቅልም ካልሽ ደግሞ ዘሩን ያበቀለው ዕድል ነው እንጂ መዘፍዘፉ አይደለም፤ ያው ትወጫለሽ።»

ሴትዮዋ ፊታውራሪን ከነወንበራቸው አየት አደረገቻቸው።

«ሁሉማ አይበቅልም ጌታዬ» አለች። «እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ ከተዘፈዘፉ ስምንት ዓመትዎ ነው፤ ድልድዩ ግን እስካሁን ብቅ አላለም።»