የባላምባራስ ወንበር

ባላምባራስ አይችሉህም ቤት እንጂ ሸቀጥ አልነበራቸውም፤ አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ደግሞ ሸቀጥ እንጂ ቤት አልነበራትም። ስለዚህ ሽማግሌ ፊት ተማምለው በሽርክና ሱቅ ከፈቱ። ሴትዮዋ ያላትን ጥሪት ሁሉ አሟጣ ቤቱን በጨው፣ በአቡጀዲና በክብሪት ሞላችው።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው መጡና ወንበራቸውን የሱቁ በር መሐል ላይ አስደርገው ጉብ አሉ። ገበያተኛው ይመጣል፣ እሳቸውን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ሹም ተራምዶ ማለፍ ነውር ነውና ከዚያ ወደ ማዶኛው ሱቅ ይሻገራል። እስከ ቀትር አንድ ክብሪት እንኳ አልተሸጠም። ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና እያየች ትቁነጠነጣለች።

በመጨረሻ ባላምባራስ ዞር አሉና፣ «ገበያው ምነው ቀዘቀዘ? መቼም ጥፋቱ የኔ እዚህ መቀመጥ ነው አትዪኝም። ቤቱ የኔ ነው፤ ከደጄ ተነሣ ያልሽኝ ዕለት ሽርክናው ፈረሰ፤ ሸቀጥሽን ተሸክመሽ ትወጫለሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሣች።

«ኧረ ምን በወጣዎ፣ ጌታዬ። እርስዎ ከተቀመጡበት አይነቃነቁ። አገሩ ሁሉ ለእርስዎ መንገድ ሲለቅ ይህ በር ብቻ ምን ቆርጦት አልለቅም ይላል? ነገ አናጢ ጠርቼ አስነቅልና በጓሮ በኩል አስተክለዋለሁ። እርስዎን ብሎ የመጣ ከፊት እጅ ይንሣ፤ ጨው ብሎ የመጣ በጓሮ ይዙር።»