ቆቅና ቅል ሀገር የተሰጣቸው ቀን

ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ልንገራችሁ፤ እኔ አፍ ላዋጣ፣ እናንተ ጆሮ አዋጡ። ችኩል ካለ ግን ከወዲሁ ይነሳ፤ ይህ ተረት ለችኩል አይሆንም።

ድሮ፣ ዕቃ ሳይቀር አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ቆቅ ነበረች። እመት ቆቅ ይሏታል። አምስት ጫጩቶች ነበሯት፤ አንድ ክፉ አመልም ነበረባት። ምን መሰላችሁ? ወሬ አይቆይላትም። ያየችውን ቶሎ ካልተናገረች ጉሮሮዋን ያንቃታል፤ ስትናገር ደግሞ ነገሩን ከጅራቱ ትጀምረዋለች።

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬው ተሰነጣጠቀ። የቀረችው አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አያ ነብሮ ተኝቶባታል። ነብሩ ውሃ ሰስቶ አይደለም፤ ብቸኝነት ነው ያስከፋው። ሁሉ ስለሚፈራው የሚያጫውተው አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ሲል አስነገረ፦

"እንቅልፍ ሳይወስደኝ እስከ መጨረሻው የማዳምጠውን ተረት ያመጣ ይጠጣ። ያሰለቸኝ ግን ምሳዬ ይሆናል!"

ጥንቸል ሄደች፤ ተረቷን ሳታጋምስ ነብሩ አዛጋ፣ እሷም ጅራቷን አስነክሳ አመለጠች። ድኩላ ሄደ፤ የነብሩን ጥርስ ቆጥሮ በረረ። ከዚያ ወዲያ የሚደፍር ጠፋ።

የእመት ቆቅ ጫጩቶች በጥም ደከሙ። ትንሿማ ጭራሽ መጮህ ተወች። እናት ልጇ ስትጮህ ትጨነቃለች፤ ዝም ስትል ግን አንጀቷ ይቆረጣል።

"ዓይኔ ያየው ተረት አለኝ" አለች እመት ቆቅ። "ነብሩ ፊት ከመቅረቤ በፊት ግን ጎረቤት ይስማልኝ።" ይህን በማሰቧስ ደግ አደረገች።

መጀመሪያ አያ ኤሊን ጠራችው።

"አያ ኤሊ፣ ስማኝማ! ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ነብር የሚዳቋን ግልገል ከጎርፍ አዳነችው! እየላሰች አደረቀችው! እናቱ ሚዳቋም መጥታ አገኘችው! እና… ለካ መጀመሪያ ግልገሉ ጠፍቶ ነበር፤ እናቱም ስትፈልገው…"

ኤሊ አንገቱን ወደ ቤቱ መለሰ።

"ምነው አያ ኤሊ?"

"ከተገኘማ ምን ልጨነቅ? ለተገኘ ልጅ አላለቅስ" አለና ከውስጥ ሆኖ አንኮራፋ።

"አሃ! ጥፋቴ መናገሬ ነው" አለች እመት ቆቅ። "እንግዲህ ሁሉን እደብቃለሁ።" አያ ጃርትን ጠራችው።

"አያ ጃርት፣ አንድ ቀን አንዲት እናት አንድ ነገር ጠፋባት።"

"የማን እናት? ምን ጠፋባት?"

"አልነግርህም። ከዚያ አንድ ሌላ መጣ።"

"ማን መጣ?"

"ቆይ፣ ኋላ ትደርስበታለህ። ከዚያ ያ ነገር እዚያ ቦታ ሆነ።"

ጃርት እሾሁን አቆመ። "ስሚ እመት ቆቅ! ማን እንደጠፋ ሳላውቅ ለማን ልዘን? ከዚህስ ጉድጓዴ ይሻለኛል!" ብሎ ገባ።

እመት ቆቅ ተቀምጣ አለቀሰች። "ብናገር ተኙብኝ፤ ብደብቅ ተቆጡኝ። ልጆቼ ማለቃቸው ነው።"

"ልጄ" የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል ከአንድ ግራር ሥር አንዲት አሮጌ ቅል ተጋድማለች። ጠዋት መንገደኛ ጥሏት ነው የሄደው።

"ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼሻለሁ" አለች ቅሊቱ። "ተረትሽ ጥሩ ነው፤ አወጣጥሽ ነው የከፋው። አሁን ግን ሆዴ ውስጥ ጥቂት ውሃ ቀርቷል፤ ልጆችሽን አጠጪ።"

እመት ቆቅ ቅሊቱን በደረቷ ገፍታ ገለበጠቻት። ውሃው ቦጭ አለ። የጫጩቶቹ ጀርባ ራሰ፣ አፈሩ ጠጣ፤ ጉሮሮ የደረሰ ግን አልነበረም።

"ውይ! ውይ!" ብላ ደንግጣ ቅሊቱን አቃናችና አፏን በቅጠል ወተፈችው። አሁን ደግሞ ምንም አልወጣ አለ። ጫጩቶቹ ባዶ ቅል መሰላቸውና ፊታቸውን አዞሩ።

"የመጀመሪያው ለኤሊ የነገርሽው ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የጃርቱ" አለች ቅሊቱ። "ከአንገቴ በታች ምስጥ የበሳኝ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል አዘንብለሽ ድንጋይ አስደግፊኝ።"

እመት ቆቅ አስደገፈቻት። ጠብ! ትንሿ ጫጩት አገኘች። ጠብ! ሁለተኛዋ አገኘች። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ ከቀዳዳዋ ተንጠለጠለች፤ አልወደቀችም። አምስቱም አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። ጠበቁ። ጠብ!

እመት ቆቅ ይህን ስታይ ክንፏን አራገበች። ጠብታዋ ውሃ እንዳለ ታሳያለች፤ ጥሙን ግን አትጨርሰውም። ለዚህ ነው ለካ ዓይን የማይነቀለው!

ትንሿ ጫጩት ጉሮሮዋ ሲርስ "ጭው" አለች። እመት ቆቅ ቅሊቱን በክንፏ አቀፈቻት።

"የመጨረሻ ውሃሽን ሰጠሽን፣ እናቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"በይ ሂጂ፤ ልጆቹን እኔ አያቸዋለሁ" አለች ቅሊቱ።

እመት ቆቅ ነብሩ ፊት ቆመች።

"ጀምሪ፤ ርቦኛል" አለ አያ ነብሮ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"ጌታዬ፣ ባለፈው ክረምት ጎርፍ መጣ። አንዲት ሚዳቋ ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ በግርግሩ ጠፋባት።"

ቆም አለች። ነብሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ዝናቡ ሲያባራ ከዳገቱ ጭቃ ላይ የልጇን ኮቴ አገኘች። ከኮቴው ጎን ግን ሌላ ዳና አለ። ሰፊ፣ ክብ፣ ጥፍሩ የማይታይ።"

ነብሩ ወደ ገዛ መዳፉ ተመለከተ። ተነስቶ ቁጭ አለ።

"ጥቂት እንደሄደች የልጇ ኮቴ ጠፋ። የሰፊው ዳና ብቻ ቀረ።"

"በልቶታላ! ወገኔን አጥቼው ነው?"

"እሾህ ላይ ዥጉርጉር ጠጉር አገኘች። ደም ግን የለም።"

"ደም የለም?"

"ጠብታ የለም። እናትየዋ ዳናውን ተከትላ አንድ ቋጥኝ ወጣች። ከላይ ሆና ቁልቁል አየች። ምን ያየች ይመስልሃል?" በጭንቀቷ አንቱታውን ረሳችው። ነብሩም ልብ አላለው።

"ምን አውቅልሽ! ንገሪኝ!"

ያ ክፉ አመሏ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። ልትለፈልፈው አፏን ከፈተች። የተንጠለጠለችው ጠብታ ትዝ አለቻትና አፏን ገጠመች።

"ሀገር ስጠኝ!" አለች።

"ምን?"

"ሀገር ስጠኝና ልንገርህ። ይህችን ምንጭ ከነመስኳ ስጠኝ፤ ለእኔም፣ ለጠማው ሁሉም።"

ነብሩ አገሳ። ምንጯን ሦስት ጊዜ ዞራት። "ብበላት መልሱ አብሯት ይሄዳል" አለ ለራሱ። መጨረሻ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና "ሰጥቻለሁ! በይ ተናገሪ!" አለ።

ሀገር ከተሰጠ ወዲያ ማስጠበቅ ግፍ ነው፤ እመት ቆቅም አላስጠበቀችውም።

"አንዲት እናት ነብር ተኝታለች። በእግሮቿ መሃል ግልገሉ አለ። ጎርፉ ሲደርስበት በአፏ አንጠልጥላ ቋጥኙ ማዶ ያሻገረችው እሷ ናት፤ ጠጉሩ እስኪደርቅ ትልሰዋለች። ሚዳቋዋን ስታይ ተነስታ መንገድ ለቀቀችላት።"

ነብሩ ዳናውን አሰበ፣ ጠጉሩን አሰበ፣ የጠፋውን ደም አሰበ። አንዱም አልዋሸውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እስከ ዛሬ የኛ ወሬ በላ፣ ሰበረ፣ ቧጠጠ ብቻ ነበር" አለ። "ደግ ስንሠራም ያየን አለ ለካ! እግዜር ይስጥሽ፣ እመት ቆቅ። ምንጯ ያንቺ ናት። እኔንም አብራችሁ አጠጡኝ።"

ያን ቀን ኤሊ ጠጣ፣ ጃርት ጠጣ፣ ጫጩቶቹ ጠጡ፣ ነብሩም ተራውን ጠብቆ ጠጣ። ቅሊቱንም እስከ አንገቷ ሞሏት። ከዚያ በኋላ ጨዋታው አገር አዳረሰ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው "ምን አውቅልህ" ይላል፣ ያልመለሰም ሀገር ይሰጣል። አራዊቱ ተሰብስበው "ጨዋታውን በስምሽ ቆቅ እንበለው" አሏት።

"አይሆንም" አለች እመት ቆቅ። "የልጆቼን ነፍስ ያቆየች፣ ለእኔም ልብ የሰጠች ቅል ናት። ስሜ ያለ ስሟ አይጠራም።"

"ተይኝ ልጄ፣ እኔ የተጣልኩ ቅል ነኝ" አለች ቅሊቱ። አልተወቻትም። የአንዷ ስም የሚያልቅበት "ቅ" የሌላዋ ስም የሚጀምርበት ነውና፣ በአንዲት "ቅ" ተቃቅፈው "ቆቅል" ሆኑ። ከፊቱ "እን"፣ ከኋላው "ሽ" ልጆች ሲጫወቱ ጨመሩበት። ሊቃውንቱ ሌላ ይሉ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት ይህን ነው። "እንቆቅልሽ" ባላችሁ ቁጥር ቆቅ ቅልን አቅፋ እያመሰገነቻት ነው።

ነገሩንስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሀገር የሚሰጠው ግን ጊዜውን ላወቀ ነው።