በአያቷ ስም ያልተገኘችው ልጅ

ያኔ ልጅቷን ፊቷን ያሳበጣት፣ ትንፋሿን ያሳጠራት መርፌ ምን የሚባል ነበር?

አንዲት ሴት በትኩሳት የምትነድ የልጅ ልጇን ምኞትን ታቅፋ፣ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ ይህን ራሷን ትጠይቃለች። መልሱን አታውቀውም። የምታውቀው፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ የልጅቷ እናት ሳትሞት፣ እሷ ለለቅሶ ገጠር ሄዳ ሳለ ልጅቷ ሆስፒታል መርፌ ተወግታ ለጥቂት መትረፏን ነው። የሟች ልጇ ልጅ ናት፤ ሌላ የላትም።

ነርሷ ሲስተር ዘርፌ መርፌውን ስታዘጋጅ ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት። ሳይጣራ አይሆንም አለቻት። የሆስፒታሉ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ የጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር ደግሞ ከዚያኛው ጋር አይገናኝም። ነርሷ በገዛ ስልኳ ደወለች። ምኞት ዳምጠው የምትባል የለችም አሏት። ደግማ ደወለች። የለችም።

አያችሁ? መዝገቡ አለ። የሚፈልግ ሰው አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ዳምጠው የአያትየው ስም ነው። ሴትዮዋ ልጇ ስትሞት አማቿን፣ ሐኪም ቤት ያዘገየሃት አንተ ነህ ብላ ከደጇ አባርራ፣ ልጅቷን በባሏ ስም ትምህርት ቤት አስገብታለች። እኛስ ዘንድ አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ቢጠራ ማን ይገረማል? የአባትየውን ስም ግን ከአፏ ላታወጣ ምላ ነበር።

«እማዬ፣ ጋሽ ዳምጠው የእርስዎ ባለቤት አይደሉም እንዴ?» አለች ነርሷ። «ከእርስዎ አልተወለደች፤ አባቷ ማነው?»

ሴትዮዋ የልጅቷን ደረት አየች። ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ልሳኑ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ምኞት ልሳኑ ተብሎ ሲፈለግ መዝገቡ ወዲያው ተገኘ። የተከለከለችው መድኃኒት ያው ልትወጋው የተሰናዳው ነበር። የሆስፒታሉን ስልክ ያነሣው ሰው አንድ ነገር ጨመረ፤ ክልከላውን አባቷ ነው፣ እስኪጻፍ አልሄድም ብሎ ቆሞ ያስጻፈው።

ነርሷ ሌላ መድኃኒት ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ምኞት ሾርባው ጨው አንሶታል ብላ መጨቃጨቅ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ተመስገን አትሉም? ስልክ መደወል ላልሰለቻት ነርስ፣ ፈልጎ ላገኘው ሰው፣ ቆሞ ላስጻፈው አባት?

እናንተስ? ከልጆቻችሁ ስም ላይ የፋቃችሁት ማነው? ልጃችሁን ባተረፈላችሁ ሰው ላይ በር ዘግታችሁ፣ ወደ ሰማይ ብቻ ብታመሰግኑ ይበቃል?

ሴትዮዋ፣ እንኳን ማረልሽ የሚል ጎረቤት ቤቷን ሞልቶት ሳለ፣ ተንበርክካ አመሰገነች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች፤ ምኞትን በእጇ ያዘች። ባሏ ወዴት ነው ቢላት «ልሳኑ ዘንድ» አለችው። ከቤት ወጣች።